ሞጣ ላይ የዋልነው ገና

ኅዳር 18 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የዘጠነኛ ክፍልን የሂሳብ ፈተና አርሜ አልጨረስኩም። ስልሳ ሁለት ተማሪ… ክፍልፋይ መደመር አቅቷቸው እኔን ሊደፉኝ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ትንሿ ልጄ ፍሬ ድመት ሥላበታለች። የልጁን ውጤት ሳየው ድመቷ ሳታሳምረው አልቀረችም።

ሸዋ ከሞጣ ደወለች። ሁለት ዓመት ሆነን እንዲህ። ባለቤቴ እዚያ ጤና ጣቢያ ታዋልዳለች፣ እኔ እዚህ ቢቸና ሁለት ሴት ልጆቼንና እናቴን ይዤ አስተምራለሁ።

"ዝውውሩስ?"

"ዘንድሮም የለም አሉኝ።"

ሦስተኛ ማመልከቻዋ ነው። ከዚያ "ለገና ግን እመጣለሁ። የተረኝነት ፕሮግራሙ ሳይወጣ አብራኝ ከምትሠራው ከዘሃራ ጋር ልቀያየር። ዘንድሮ በስንት ነው የሚውለው?" አለች።

"በሃያ ዘጠኝ ነዋ! መቼ ተለውጦ ያውቃል?"

አምና ተረኛ ሆና ቀረች። ፍሬ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገድ ስታይ ዋለች። ያን ቀን ድጋሚ ማየት አልፈልግም።

ኅዳር 24

ተሳካ! ሸዋ ከሲስተር ዘሃራ ጋር ተቀያየረች። 27ን አድራ፣ 28ንም እስከ ስምንት ሰዓት የዘሃራን ተራ ትሠራለች። ከዚያ የከሰዓቱን መኪና ይዛ ለዋዜማው ትደርሳለች። 29ንና 30ን ዘሃራ ትሠራላታለች። ለፍሬ ነገርኳት። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረችው።

ታኅሣሥ 12፣ ሐሙስ

ጉድ ሆንኩ።

እናቴ ከሚካኤል ተመልሰው ነጠላቸውን እያጠፉ "እንግዲህ ለልደት ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ቀረን" አሉ።

"ከሦስት ቀን" ብዬ አረምኳቸው። የሂሳብ መምህር አይደለሁ?

ቀና ብለው አዩኝ። "ዘመኑ እኮ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን ስድስት ሆና አይደል ያለፈችው? ልደት በሃያ ስምንት ነው።"

በየአራት ዓመቱ የሚመጣ ነገር! ሕፃን የሚያውቀው ነገር! እኔ ደግሞ "መቼ ተለውጦ ያውቃል" ብዬ ደረቴን ነፍቼ… "አባትህ ባሕረ ሐሳብን በጣታቸው የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ" አሉ እናቴ። ሌላ አልጨመሩም። ባይጨምሩም በቃኝ።

እንግዲህ ሸዋ ገናን ለማግኘት ብላ ገናን ራሱን አሳልፋ ሰጠች ማለት ነው። በእኔ ምክንያት። በበዓሉ ቀን ደግሞ መኪና የለም።

ታኅሣሥ 13

ነገርኳት። "ያየህ! አንተ ሰውዬ!" አለች።

"ዘሃራን ለምኛት በቃ።"

"እንዴት አድርጌ? እናቷ ባሕር ዳር ለዓይን ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አላቸው፣ በሃያ ሰባት። ግድ የለሽም ሂጂ ያልኳት እኔው ነኝ።"

"ሌላ ሰውስ?"

"ሌላዋ ራሷ አራስ ናት፣ ያየህ።"

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። "ለፍሬ ግን አንተ ንገራት፣ እኔ አልችልም" ብላ ዘጋችው።

ታኅሣሥ 14

አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 16

ዛሬም አልነገርኳትም። ፈሪ።

ትምህርት ቤት ስውል የድሮ ገናዎች ይመጡብኛል። አባቴ ዓመቱን ሙሉ የማይስቁ ሰው ነበሩ። የገና ዕለት ግን ጋቢያቸውን ለእናቴ ወርውረው ሜዳ ይወርዳሉ። ያቺን ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩሯን እያሳደዱ ከጎረምሳ ጋር ሲጋፉ ማየት… አንድ ዓመት የወረዳውን ዳኛ ቅልጥም መቱ። ዳኛው እያነከሱ ቤታችን መጥተው ጠላ ጠጡ እንጂ አልከሰሱም።

ሸዋ አዲስ ሙሽራ ሆና የመጣችበትም ገና አለ። ጾም ስለሆነ ወጡ አይቀመስም። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና አሸተተችና "ጨው ቀርቶታል" አለች። እናቴ አላመኑም። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ስንቀምሰው ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እናቴ ማማሰያውን አስረከቧት።

ትልቋ ልጄ ማስተዋል ሦስት ዓመቷ እያለ ደግሞ የተቀቀለውን እንቁላል ሁሉ ለቅማ አልጋ ሥር ደበቀች። "ዶሮዋ ትታቀፋቸው" አለች። አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ይህ ሲነሳባት ትኮሳተራለች።

ታኅሣሥ 18

ማስተዋል ሁሉንም ደርሳበታለች። ስልክ ሳወራ ሰምታ ኖሯል።

"እኛ ብንሄድስ?" አለች እራት ላይ።

"የት?"

"ሞጣ ነዋ፣ አባዬ።"

ቤት እያለን? የሠፈሩ ቅርጫ ሰብሳቢ ሆኜ፣ በሬውን መርጬ፣ ስምንት አባወራ እኔን እየጠበቀ? ገናን በኪራይ ክፍል? ይህን ሁሉ ደረደርኩ። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

እናቴ ጉርሻቸውን ውጠው ጨረሱ። "እመቤታችን እንኳ ለቆጠራ ከቤቷ ወጥታ በሰው በረት ነው የወለደችው። አንተ የማትወጣው ማን ስለሆንክ ነው?"

ማስተዋል ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ፍሬ ምንም ሳይገባት አጨበጨበች። እሺ፣ እንሄዳለን አልኩ።

ታኅሣሥ 21

እንደምንመጣ ለሸዋ ነገርኳት። "እውነት?" አለች። "እውነት?" አራት ጊዜ። ምን ያህል ቢገርማት ነው?

ቅርጫውን ለጎረቤቴ ለእንዳለው አስረከብኩት። "ሚስትህ ዘንድ ለበዓል ልትሄድ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ አልጣመኝም። ዓርብና ሰኞን ከርዕሰ መምህሩ አስፈቅጃለሁ።

ታኅሣሥ 26፣ ሐሙስ

ዛሬ ዶሮ ወጥ ሠራሁ። እኔ፣ መምህር ያየህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋ ተረኛ ናት፣ መቼ ትሥራ? ስለዚህ ሠርተን ይዘንላት እንሂድ ተባለ። ዶሮውን እኔ አረድኩ። ማስተዋል በሎሚ እያሸች አጠበች፣ በለተች። ሽንኩርቱ ላይ ግን እኔን አስቀመጡኝ። ሰው የሞተብኝ ያህል አለቀስኩ! እናቴ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው "አማስል… አትተኛ… እሳቱን ቀንስ" ይላሉ። ጉንፋን አፍንጫቸውን ዘግቶታል፤ ማሽተት አይችሉም። እኔማ ጉንፋን ባይኖርብኝስ ምን አውቃለሁ?

ስለዚህ ጨው ላይ ተቸገርን። ፍሬ ሰባት ስላልሞላት አትጾምም፣ እሷ ትቅመስ ተባለ። በቁራሽ እንጀራ አጥቅሼ አጎረስኳት። አሰብ አደረገችና "ትንሽ ጨው" አለች። ጨመርኩ። ቀመሰች። "ትንሽ ጨው።" ጨመርኩ። ሦስተኛ። አራተኛዋን ስትል ጠረጠርኩ። ይህቺ ልጅ ጨው ነው የፈለገችው ወይስ ጉርሻ?

ታኅሣሥ 27፣ ዓርብ። ሞጣ

አውቶቡሱ ውስጥ እናቴ ድስቱን በነጠላ ጠፍረው ጉልበታቸው መሃል ያዙት። አገልግሉ እኔ ላይ። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ሽታው መኪናውን ሞላው። የጾም ማብቂያ፣ ዓርብ ቀን፣ ያንን ሁሉ ጾመኛ!

"ማነው የሚፈትነን?" አለ ረዳቱ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ቄስ "መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቼ" አሉ። ተከፈተ። አቧራ ገባ። "ዝጉት!" አሉ ሌሎች። ተዘጋ። ዶሮው ተመለሰ። እስከ ደብረ ወርቅ እንደዚህ ስንከፍት ስንዘጋ ሄድን። እናቴ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ተቀመጡ። ጎበዝ ናቸው።

ሸዋ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፍሬ ሮጣ ተጠመጠመችባት። እኔም… ልጽፈው አልችልም። ቁልፉን ሰጥታን ወዲያው ተመለሰች። ምጥ ላይ ያለች ሴት ነበረች።

ክፍሏን ዛሬ ገና አየሁት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን መጥቼ አላውቅም። የምትመላለሰው እሷ ናት፣ ሁልጊዜ እሷ። አንድ አልጋ። ግድግዳው ላይ የፍሬ ሥዕሎች። አልጋው ሥር ሁለት ፍራሽ፣ ተጠቅልሎ፣ በንጹሕ አንሶላ ተሸፍኖ። መደርደሪያው ላይ አምስት ብርጭቆ፣ አምስት ሰሐን።

አከራይዋ እማሆይ ወለተ ገብርኤል አይብ ይዘው መጡ። "እርስዎ ነዎት አቶ ያየህ? እሰይ፣ መጡላት! አምና ለገና ፍራሽ ገዝታ፣ አንሶላ አጥባ ጠብቃችሁ ነበር እኮ።"

አምና… ትዝ አለኝ። "እናንተ ብትመጡስ?" ብላኝ ነበር፣ በስልክ። "ቤት እያለን?" አልኳት። ተረኛ ናት ብዬ ለፍሬ የነገርኳት እውነት ነበር፣ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ፍሬን በር ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

አፈርኩ። ልጆቹ ፍራሹን ሲዘረጉ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ።

ታኅሣሥ 28፣ ቅዳሜ። ልደት!

ጊዮርጊስ አስቀደስን። ስንመለስ ልጆቹ ይብሉ አልኩ፤ ማስተዋል "እማዬ ሳትመጣ አልፈስክም" አለች። ፍሬም "እኔም አልፈስክም" አለች፣ ጾማ የማታውቀው። ድስቱን አሙቀን ተሸክመን ጤና ጣቢያ ሄድን። የሠራተኞቹ ሻይ ክፍል ውስጥ ተደርድረን ቁጭ አልን። ሁለት ሰዓት… ሦስት… አራት።

በአራት ተኩል መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን ይስቃል። "ሴት ናት! እናቷም ደህና ናት።" እጇን ታጥባ ተቀመጠች። አገልግሉ ተከፈተ።

ጭልፋውን እናቴ ያዙ። በቤታችን የዶሮው ፈረሰኛ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። የአባቴ ነበር፣ እሳቸው ሲያልፉ የእኔ ሆነ። እናቴ አወጡና ሸዋ ፊት አስቀመጡት።

"ኧረ እማማ፣ ለአባወራው ነው" አለች ሸዋ ደንግጣ።

"ዛሬ እንግዳ የሆነው ማን ነው፣ ቤቱስ የማን ነው?"

ሁሉም እኔን አየኝ። "ብዪ" አልኳት። ጠቅልዬ አጎረስኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ቀስ ብላ አኘከች። ዋጠች። ውሃ ጠየቀች።

"ያየህ… ጨው ነው ያበሰልከው?"

ማስተዋል "እኔም ሳላውቅ አንድ ጊዜ ጨምሬ ነበር" ብላ ተናዘዘች። ፍሬ አንገቷን ደፋች። ሸዋ መሳቅ ጀመረች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ እኛም ተከተልናት። የእማሆይ አይብ አዳነን። ድስቱ ባዶ ሆነ። እንዲህ የጣመኝ ገና መቼ ነበር? አላስታውስም።

ታኅሣሥ 29

ዛሬ ደግሞ የሸዋ የዕረፍት ቀን። ዘሃራ ዛሬ በማለዳው መኪና ከባሕር ዳር ገብታ ሥራዋን ያዘች። የእናቷ ዓይን ደህና ነው። "ለኛ ሁለት ገና ሆነልን" አለች ፍሬ።

ከሰዓት ሜዳው ላይ ገና ሲጫወቱ ቆመን ስናይ አልቻልኩም፣ ኮቴን ለሸዋ ወርውሬ ገባሁ። በአርባ ሦስት ዓመቴ! ብዙም ሳልቆይ ቅልጥሜን ተመታሁ። ሸዋ እያሰረችልኝ እያለ መንገደኛው ሁሉ ሰላም ይላታል። "ሲስተር፣ ልጄ በእግሯ ሄደች እኮ!" "ሲስተር፣ እንኳን አደረሰሽ!" እኔን "የሲስተር ባል" ይሉኛል። መጥፎ ስም አይደለም።

"አንድ ነገር ልንገርህ?" አለች ፋሻውን እየቋጠረች። "እዚህ ሥራዬን ወድጄዋለሁ። ዝውውሩ ሲቀር የማለቅሰው ለእናንተ ነው እንጂ ለቢቸና አይደለም።"

ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገረችኝም? መቼ ጠየቅኋት?

ጥር 4። ቢቸና

ቤቱ ሰፊ ነው። ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ደስ አይልም።

እናቴን በዘዴ ልጠይቅ ብዬ "እርስዎ ደግሞ ከዚህ መነቀል…" ስል አቋረጡኝ። "እኔን ሰበብ አታድርገኝ። ሞጣም ጊዮርጊስ አለ። ቤቱንም አከራየው፣ አይሞትም።"

ጥር 16፣ ረቡዕ

አስገባሁት። ወደ ሞጣ የዝውውር ማመልከቻ። ሞጣ የሂሳብ መምህር ይፈልጋሉ አሉ። በዓመቱ መጨረሻ ይፈጸማል፣ ምንም የሚያግድ የለም ብለውኛል።

ጸሐፊው ቅጹን እያነበበ "ምክንያት" የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። "የትዳር ጓደኛን ለመከተል… መምህር፣ ይሄ የሴቶቹ ምክንያት አይደለም እንዴ? ተሳስተው ይሆን?"

"አልተሳሳትኩም" አልኩት። "ማህተም አድርግበት።"

ከቢሮው ደጃፍ ላይ ሆኜ ደወልኩላት። ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ? ሸዋ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። ድምጿ ቀጥኗል። "ድገመው እስቲ።"

ደገምኩላት።