ነፋሱ ዞሯል

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለማከብርህ፣ አልፎ አልፎም ለምወድህ ወንድሜ፣

እኔ ታናሽ እህትህ፣ አእምሮዬ በቦታው እያለ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፤ ከአባታችን ሬዲዮ ባትሪዎቹን ሰርቄ ለቴሌቪዥኑ ሪሞት አድርጌያለሁ። የሚፈረድብኝን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። በወረቀት የምጽፍልህም ስልኬ በሌላ ጥፋት ስለተወረሰ ነው።

“የምን ሬዲዮ?” ትለኛለህ። ቁም ነገሩ እሱ ነው።

ፓይለት እሆናለሁ ያልክ ዕለት አባዬ የተናገረውን መቼም አትረሳውም። “ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ የነዳሁት ልጄን ሐኪም ላደርግ እንጂ የሰማይ ሹፌር ላደርግ አይደለም! ከሄድክ በዚህ በር እንዳትመለስ!” ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው። እሱም እልኸኛ፣ አንተም እልኸኛ፤ በጣሪያችን ላይ በርረህ መጥተህ ሆቴል ታድራለህ። ስምህ ሲነሳ አባዬ ጆሮው አይሰማም።

ለካ ጆሮው ሌላ ሥራ ይዟል! ባለፈው ዓርብ እማዬ ሽንኩርት አምጪ ብላኝ ጓዳ ብገባ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፏል። ከውስጧ ደስታም ሐዘንም የማያውቅ ድምፅ በእንግሊዝኛ ያነበንባል።

“አባዬ፣ ምንድን ነው?”

“ዜና ነው።”

“ስለ ነፋስ ብቻ የሚያወራ ዜና አለ እንዴ?”

“አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ! ኤቲስ ይባላል።”

እንግሊዝኛው “ኖ ፓርኪንግ” ላይ የቆመው አባታችን ያስረዳኝ ጀመር። አውሮፕላን ማረፊያው ብዙ የሬዲዮ መስመር አለው፤ በአንዱ መሬት ላይ የሚንቀሳቀሱት፣ በሌላው የሚነሱትና የሚያርፉት ይነጋገሩበታል። አንደኛው መስመር ግን ማንንም አያዳምጥም። ማሽን ነው፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ደመናውን፣ ሙቀቱን፣ የአየሩን ግፊት፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ለመቀበል በየትኛው የማኮብኮቢያ ጫፍ በኩል እንደሚታረፍ ደጋግሞ ይናገራል። ፓይለቱ ቀድሞ ስለሚሰማው ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ለእያንዳንዱ ሲለፈልፍ ጉሮሮው አይደርቅም። (እማዬም “ፊትሽን ታጠቢ፣ አልጋሽን አንጥፊ” የሚለውን እንዲህ ብታስቀዳው ስንት ትንፋሽ ይተርፋት ነበር!) መረጃው በታደሰ ቁጥር ተራውን የጠበቀ አዲስ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጠዋል፤ ‘ኬ’ ኪሎ፣ ቀጥሎ ያለው ‘ኤል’ ሊማ ተብሎ ይጠራል። ፓይለቱም አሮጌ ወሬ ይዞ እንዳይመጣ የሰማውን ፊደል ለተቆጣጣሪው ይናገራል።

“ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?”

“እሽ! ሊገባ ነው።”

“ማን?”

“ማንም።”

ከዚያ መስመሩን ወደ ተቆጣጣሪው ሲያዞረው ድምፅህ መጣ። ያ ንፍጡን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ እንደ ዳኛ ረግቶ “ኪሎን ይዘናል” አለ። አባዬ ከጆንያው ላይ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

“ኧረ ሊማ ሆኗል! አንተ ልጅ፣ አሁን ነው የተለወጠው! ነፋሱ ዞሯል!”

“አባዬ፣ ይህቺ እኮ መስማት እንጂ መናገር አትችልም።”

“ዝም በይ!” ላብ አጥምቆታል።

ተቆጣጣሪው ሊማ መሆኑን፣ የምታርፈውም በወዲያኛው በኩል መሆኑን ነገረህ። አንተም ሳትቸኩል አንድ በአንድ ደግመህ መለስክለት። አባዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

“አየሽው? ቅንጣት አልደነገጠም” አለኝ። “እኔ አንድ መንገድ ሲዘጋብኝ የትራፊክ ፖሊሱን ዘር ማንዘር ነበር የምቆጥረው።”

እኔም በልቤ ሁለታችሁንም አደነቅኩ፤ አንተን ከላይ፣ እሱን ከጆንያው ላይ። ለእማዬ እንዳልነግርበት ግን አስምሎኛል። ለአንተ እንዳልነግር አላስማለኝም።

አመሻሹ ላይ ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ። እማዬ “ወዴት ነው?” ብትለው “የትም” ብሎ ወንበር ስቦ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እራቱ ቀርቦ በረደ፤ አልተነሳም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ አንተ የያዝከው መረጃ አሮጌው ነው። “እንዳትመለስ” የሚለው አልፎበታል፤ አዲሱን እኔ ነገርኩህ። በሚቀጥለው ስትመጣ ወደ ሆቴሉ አትሂድ። አባዬ ይነዳበት በነበረው መስመር አውቶቡስ ይዘህ ና። ስትደርስም አታንኳኳ፣ ግፋው ብቻ፤ ከበሩ ማዶ ተቀምጧል።

ስትነሳም ስታርፍም ነፋስ ከፊትህ ይምጣልህ። ምርቃት እንጂ እርግማን አይደለም፤ ካላመንክ አባዬን ጠይቀው።

የባትሪ ሌባ እህትህ፣

“ቁንጫ! አንቺ ቁንጫ! ባትሪዎቼን የት አባሽ አደረስሻቸው? ልጄ ሊገባ ነው እኮ!”

ወይኔ፣ ተያዝኩ። ግን ሰማህ? “ልጄ” አለ፤ ያውም ጮኾ። ከወጥ ቤት የማማሰያው ድምፅ ቀጥ ብሏል፤ እማዬም ሰምታዋለች።