«ቆይተህ ብላኝ»ን ቁረጡት ስላልከው

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመምስ ተወህ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ከንዴት በቀር ምንም አላገኘንም። ንዴቱን የላክኸው አንተው ስለሆንክ ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

ለአባባ በስልክ «ያን ድንጋይ የሚያፈራ የፒር ዛፍ ቁረጡና አዲሱን ዓይነት ትከሉ» አልከው አሉ። ኧረ በፈጠረህ! አንተ የምትመጣው ሁልጊዜ በለቀማ ሰሞን ነው፤ ያኔማ ፍሬው ድንጋይ ነው። ጥርስህ ቢሸረፍ ዛፉ ምን ያድርግ? ቅድመ አያታችን «ቆይተህ ብላኝ» ብለው የሰየሙት እኮ ለቀልድ አይደለም። ተለቅሞ ጭድ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ ብርዱ እስኪጠና ይተኛል። ከዚያ ያ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክረው ዝገት መሳይ ልጣጭ ወርቅማ ይሆናል፤ አንገቱ ጋ በጣት ሲጫኑት እሺ ይላል፤ ሽታው ጓዳውን ይሞላል፤ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። ዘሩ አካባቢ ብቻ እንደ ስኳር ኮረት ኮረት ይላል። አንተ ይኼን መቼ ቀምሰህ! ሻንጣህን ሳትፈታ ነው የምትመለሰው። ዘሩ ቢዘራ ደግሞ ራሱን አይወልድም፤ ቀንበጡ ሌላ ግንድ ላይ ካልተጣበቀ በቀር ዓይነቱ በዚህ ዛፍ ያበቃል። በአካባቢው ሌላ የለም።

ማክሰኞ ከስፌት ቤት ስመለስ፣ ፍሬው ገና ሳይለቀም፣ አናጢው መጋዝ ይዞ ዛፉ ላይ ወጥቷል። ትልቁ ቅርንጫፍ ከነፍሬው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ደሜ ፈላ። ግንዱን አቅፌ ውረድ አልኩት። እሱ ወደ አባባ አየ፤ አባባ ወደ መሬት። «በኩር ልጄ ነው ያዘዘኝ» አለ። «እኔስ የጎረቤት ልጅ ነኝ? ዛፉን የምገርዘው እኔ፣ የምለቅመው እኔ፣ አዛዡ ባሕር ማዶ!» ብዬ ጮኽኩበት። አባባ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። አባባ ቀና ብሎ አናጢውን «ውረድ» አለው። ሰውየው እያጉረመረመ የቆረጠውን ቅርንጫፍ ይዞ ሄደ።

አባባ ከዚያ ወዲያ አኮረፈኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ባዶ ቅርጫት ይዞ የክፍሌ በር ላይ ቆመ፤ ዐይኑን እያሸሸ «የቀረው ይለቀም ወይስ ይቆይ?» አለኝ። እኔን ጠየቀኝ! ኮስተር ብዬ «ይቆይ» አልኩት። ጓዳ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ ስለ ግቢው የምትለው ካለህ ከአሁን በኋላ ለእኔ ደውል።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ «አትቀየማት፣ ንዴቷ ቶሎ ይበርዳል» ትልሃለች፤ አልበረደም። አባባም ሰላም ብሎሃል።

ታናሽ እህትህ
ከግቢያችን፣ ጥቅምት ፳፩ ቀን