አለቃ ከጉዞው ከተመለሰች ወዲህ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ያስቸግረኛል ያልሽው ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጥርስሽን ነክሰሽ እየሠራሽበት ነው? እዚያ በሰው አገር የምትጦሪያቸው አሮጊትስ ደህና ናቸው? አሁንም በሟች እህታቸው ስም ነው የሚጠሩሽ? እባክሽ «አቤት» በያቸው፣ ምን ይጎዳሻል። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። እናታችን ደህና ናት፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቷ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግራታል፣ ምላሷን ግን አንድም ቀን አሟት አያውቅም። እኔም ደህና ነኝ። ፀጉር ቤቴም ደህና ናት፤ የሰው ፀጉር ማደጉን እስካላቆመ ድረስ ሥራ አልፈታም። የጎደለን አንቺን ማየት ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ ሳትደነግጪ አትቀሪም። ነገሩ እንዲህ ነው። ስትደውዪ ስልኩን መጀመሪያ የምትይዘው እናታችን ናት፤ ከእሷ እጅ ስልክ ማስለቀቅ ከነብር አፍ ሥጋ መንጠቅ ነው፤ እሷም እንዳትጨነቂ ብላ ክፉውን አትነግርሽም። ከእሷ ልጅሽ ትቀበልና «ደህና ነኝ፣ ትምህርትም ደህና ነው» ትልሻለች። ለእኔ ሲደርሰኝ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላ አፍ አፌን እያየችኝ ነው። ስለዚህ እኔም ደህና ናት እልሻለሁ። እትዬ፣ ደህና አይደለችም። ሰውነቷ ምንም አልሆነም፤ አስቀድሜ ይህን ልንገርሽና ትንፋሽሽ ይመለስ። ሌላውን ከሥሩ ጀምሬ ላጫውትሽ።

ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ሰብሳቢ ሆና መመረጧን ነግራሻለች። ገና በዳዴ ሳለች እኛን ስታዘን «አለቃ» ያልናት ልጅ እውነተኛ ሹመት አገኘች ማለት ነው። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለውን የተሰባበረ ወንበርና የቆሻሻ ክምር ታስታውሺው የለ? በአንቺ ጊዜም ነበር። ልጅሽ ያንን አስነሳችው። ከትምህርት በኋላ የክበቡን ልጆች አሰልፋ፣ ወንበሩን አስወጥታ፣ አፈር በጆንያ አሸክማ፣ የውኃ ፕላስቲኩን ቆራርጣ ችግኝ ተከለችበት። የክበቡ ኃላፊ የባዮሎጂ መምህሩ ነው፤ ተማሪዎቹ «ቅጠሉ» ነው የሚሉት። እሱም «እኔ ኃላፊ ነኝ፣ የምታዘው ግን እሷ ናት» እያለ ይስቅ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሲወዳደሩ ዳኞቹ መጡ፤ አለቃም የእያንዳንዱን ተክል ጠባይ እንደ ጎረቤት ጠባይ ዘርዝራ አስረዳቻቸው፣ አንደኛም ወጡ። ርዕሰ መምህሩ ዋንጫውን ታቅፎ ከክፍል ክፍል ሲዞር አራስ ልጅ የታቀፈ ነበር የሚመስለው። እኔም ከእሱ አልሻልም። ዋንጫውን ከፍ አድርጋ የተነሳችውን ፎቶ መስታወቴ ላይ ለጠፍኩት፤ ሊቆረጥ የመጣ ሁሉ ሳያደንቃት አይሄድም። ምላጭ አንገቱ ላይ ሆኖ የማያደንቅ ማን አለ?

ከዋንጫው ይልቅ ልጆቹን ያስፈነደቃቸው ግን ጉዞው ነበር። ለክበቡ አውቶቡስ ተመድቦ ፏፏቴ አይተው እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው። እዚህ ላይ ጓደኛዋን ላስታውስሽ፤ ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ «ሳቂታ» የምንላት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህችን አንድ ልጇን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት፤ ውኃ ያለበት ቦታ አልልካትም ብላ ድርቅ አለች። ሳቂታ አለቀሰች። አለቃም ሄዳ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተንበርክካ ለመነቻት። «እጇን ይዤ ወስጄ እጇን ይዤ አመጣታለሁ፤ እኔ አለሁ አይደል?» አለቻት። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ሳቀችና «አንቺ ካለሽማ ምን እላለሁ» ብላ ፈቀደች። ከቁርጥራጭ ጨርቅም ለሁለቱም አንድ ዓይነት ባርኔጣ ሰፍታ ሰጠቻቸው። አውቶቡሱ በሠፈራችን ሲያልፍ በመስኮቱ የሚታዩት እነዚያ ሁለት ባርኔጣዎች ነበሩ።

የሆነውን የነገረኝ መምህሩ ነው፣ ልጅሽ እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ፏፏቴው ደርሰው፣ ዘፍነው፣ ፎቶ ተነስተዋል። አለቃ ከላይ ሜዳው ላይ ለትንንሾቹ ዳቦ ስታድል ሳቂታ ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ድንጋዮቹ ወረደች። ድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት ያበቀለ፣ የሚያሟልጭ ነው። ከእግሯ ሥር ከዳት። የወደቀችበት ከሰው ቁመት አይበልጥም፣ ግን በጀርባዋ ነው የወደቀችው። መምህሩና ሾፌሩ ተሸክመው ሲያወጧት አለቃ የሳቂታን አንድ ጫማ ይዛ አብራ ትሮጥ ነበር አሉ። 

እኔ የአንድ ደንበኛዬን ግማሽ ጭንቅላት ቆርጬ ግማሹ ሲቀረኝ ነው ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሱቋ ወጥታ ስትሮጥ ያየሁት። ምን ሆነሽ ብላት አትሰማም። ቶንዶሱን ጥዬ ተከተልኳት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም፤ የጀርባዋ ነርቭ ተጎድቷል፣ እግሮቿ ሊመለሱም ላይመለሱም ይችላሉ፣ መጠበቅ ነው አለን። ከዚያ ወዲህ ጥበቃ ላይ ነን። ከወገቧ በታች አይታዘዛትም።

ማንም ትልቅ ሰው ልጅሽን አልወቀሰም፣ እውነቱን ልንገርሽ። መምህሩ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ለሁሉም ተናግሯል፤ ምስኪን፣ ስሙ ቅጠሉ ነው፣ እሱ ራሱ ግን ደርቋል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ደነገጠና ክበብ የሚባል በሙሉ ይዘጋ፣ ጉዞ የሚባል አይታሰብ አለ። የእግር ኳስ ቡድኑ ሊሄድ የነበረው ውድድር ቀረ፣ የድራማ ክበቡ የተለማመደው ቀረ። ልጆች ደግሞ ልጆች ናቸው፤ የተቆጡትን በርዕሰ መምህሩ ላይ መወጣት ስለማይችሉ አለቃ ስታልፍ ዝም ይላሉ። አንዱ በግልጽ «ያንቺ ዋንጫ ነው የጎዳን» አላት አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፉን ታስይዘው ነበር። አሁን ግን አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ነው የደረጃው ነገር የመጣው። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ትውልና ከሰዓት ሱቋን ትከፍታለች፣ የሰው ልብስ ይዛለችና። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ሄዳ ከሱቁ ደጃፍ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። አትገባም፣ አትናገርም። ሴትዮዋም አታስገባትም፣ አታባርራትምም፤ መኪናዋን ትረግጣለች። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሁለቱንም በመስታወቴ ውስጥ አያለሁ። የሰው ጆሮ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም። አንድ ቀን ዝናቡ ወረደ፤ ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተነሳችም። ጃንጥላ ይዤ ተሻገርኩ። ተነሽ እናቴ፣ ተነሽ የኔ አለቃ ብላት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ጎትቼ እንዳላነሳት ሰው ያየናል፣ ትቼያት እንዳልሄድ አንጀቴ እንቢ አለ። ጃንጥላውን በላይዋ ዘርግቼ እንደ ምሰሶ ቆምኩ። ደንበኛዬ አረፋው ፊቱ ላይ ደርቆበት ከማዶ ያየኛል። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችን፣ መልሳ አቀረቀረች። ዝናቡ እስኪያባራ እንዲህ ቆየን።

በዓመቱ መዝጊያ ቀን የወላጆች በዓል ነበር፤ እናታችን የክት ልብሷን ለብሳ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ልጅሽ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፣ ያንን በስልክ ነግራሻለች። ያልነገረችሽን ልንገርሽ። ለክበብ ሰብሳቢነቷም ሜዳሊያ ተዘጋጅቶላት ስሟ ተጠራ። ተነሳች፣ አጨበጨብን፣ በወንበሮቹ መሀል ቀጥ ብላ ሄደች፤ መድረኩ ጋ ስትደርስ ግን ወደ ጎን ታጥፋ በትንሹ በር ወጣች። ርዕሰ መምህሩ ሜዳሊያውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ቆይቶ «ወላጅ ካለ» አለ። እናታችን በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። ምን ላድርግ፣ ወጣሁ። ሰውዬው ከድንጋጤው የተነሳ ሜዳሊያውን በእጄ መስጠት ሲገባው አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ከኋላ ያሉት ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። እኔ ፂማም ተማሪ መስዬ እዚያ ቆሜ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ቤት ስንደርስ ጓሮ ልብስ ስታጥብ አገኘናት። እናታችን ያንን የክት ልብሷን ሳትቀይር አጠገቧ ቁጭ አለችና አብራት መጭመቅ ጀመረች። 

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ እኔ ዘንድ መጣች። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ነው የተናገረችው። «ልጅህን ከደጃፌ ውሰድልኝ» አለችኝ። «ልረግማት ብዬ አፌ እንቢ አለኝ፤ ይቅር ልበላት ብዬ ልቤ እንቢ አለኝ። እሷን ባየሁ ቁጥር ሁለቱ ተያይዘው ሲሄዱ ነው የሚታየኝ። ልጄ ሆስፒታል ተኝታ ይህችኛዋ በእግሯ ስትመጣ…» ብላ አልጨረሰችውም። ፎጣ አቀበልኳት፣ ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። ነገሩን ለአለቃ መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ። ስነግራት ሰማችኝና «እሺ አጎቴ» አለች። ይኸው ነው። ብትጮህብኝ ምንኛ በወደድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ወደ ፀጉር ቤቴ፣ ከፀጉር ቤቴ ወደ ቤት ነው። የወደቀውን ፀጉር ትጠርግልኛለች። ለእናታችን ወደ ትምህርት ቤት አልመለስም፣ እናቴ ጋ ሄጄ እሠራለሁ ብላታለች። የቀራት አንድ ዓመት ነው እትዬ። መምህሩ ይህች ልጅ የፈለገችው ዩኒቨርሲቲ መግባት ትችላለች ብሎ ሊያግባባት ቤት ድረስ መጣ፤ ሻዩን ጠጥቶ ሳያግባባት ወጣ።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ሳቂታን ከሆስፒታል አወጧት። ጎማ ባለው ወንበር እናቷ ሱቁ ደጃፍ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻትና አንድ ነገር ልትገዛ ወደ ጥግ ሄደች። ልጅሽ መጥረጊያ ይዛ ነበር። አየቻት። መጥረጊያውን ቀስ ብላ አስደግፋ ፎጣ ከማስቀምጥበት መጋረጃ ኋላ ገባች። ሳቂታ ከማዶ እጇን አውለበለበችልኝ፣ ያው ሳቂታ ናት፣ ከስታለች እንጂ ጥርሷ አልተከደነም። «አለቃ የለችም እንዴ?» ብላ ጮኸች። ዘወር ብዬ መጋረጃውን አየሁ። ከመጋረጃው ሥር ጫማዋ ይታየኛል። «የለችም» አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል። ሳቂታም «እማዬን እኔ አሳምናታለሁ፣ ትምጣ በልልኝ፤ ማንም አያወራኝም፣ የሚመጣው ሁሉ ያለቅስብኛል» አለች። ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያለችው፣ ጮክ ብላ፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ። እሺ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ጠበቅኩ።  መጋረጃው አልተነቃነቀም። እናቷ ተመልሳ ወንበሩን ወደ ውስጥ እስክትገፋው ድረስ አልተነቃነቀም።

እትዬ፣ እኔ ፀጉር እንጂ የልጅ ልብ ማስተካከል አላውቅበትም። አንቺ አንድ ነገር ታውቂ ይሆናል። ወደ አንቺ ልምጣ ብላ መለመኗ አይቀርም። ነይ በያት ልልሽ አልችልም፣ አትምጪ በያት ልልሽም አልችልም፤ የትኛው እንደሚጠግናት አላውቅምና። ብቻ ስትደውዪ «አጎትሽ ሁሉንም ጽፎልኛል» በያት። ትቆጣኝ፣ ግድ የለም። ከተቻለሽ እሷ ዝም ስትል አንቺም ስልኩን ሳትዘጊ አብረሽ ዝም በይ። እኛ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

እናታችን ጉንጭሽን ስማ «ልጄን በዓይኔ ሳላይ አልሞትም፣ እንዳትቸኩል ግን» ትልሻለች። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው፣ ያ ሁሌ ስለ አንቺ የሚጠይቀኝ፣ እጅ ነስቷል። መምህሩም ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ሲሰማ «ይቅርታ በልልኝ» ብሎኛል፤ እንደ ሰላምታ ቁጠሪለት። ልጅሽ ሰላምታ አልላከችም፣ እንደምጽፍልሽ አታውቅም። አሁን በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ መንገዱን ታያለች።

ወንድምሽ
ከፀጉር ቤቴ፣ እሑድ፣ ሐምሌ 20 ቀን