ሞይል ኤዊግ ስሟን አትቀይርም

ይድረስ አውስትራሊያ ለምትኖረው ወንድሜ ለኢድዋል። እንደምን ከረምክ? እኛ እዚህ ዌልስ ከዝናቡና ከበጎቹ ጋር አለን።

አስጎብኚዎቹ ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ «የገደል ማሚቶ ኮረብታ» የሚል የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ተክለው ነበር። እኔ ዝም እላለሁ? መዝገብ ቤት ሄጄ የጥንቱን የመሬት መዝገብ አስወጣሁ። ልክ አባባ እንደሚጠራት «ሞይል ኤዊግ» ይላል፤ የአጋዘኗ ኮረብታ።

ጉዳዩ በቀረበበት የመንደሩ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «እማማ፣ ይሄን እኮ የጎብኚ አፍ አይችለውም» አለኝ።

«የኔ አፍ የእናንተን እንግሊዝኛ ችሎ የለም እንዴ? ይልመዱት!» አልኩት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሰሌዳውም ተነቀለ።

አዲሱን የተከለው ባለቤቴ ኤምሪስ ነው። ዙሪያውን ያሉትን ኮረብቶች አንድም ሳይስት በየስማቸው ጠራልኝ። ስንመለስ እኔን በእናቱ ስም ጠራኝና ሳቅን። ብቻውን ወጥቶ እንዳይጠፋ የበሩን ቁልፍ አሁን እኔ ነኝ የምይዘው።

ለሚመጣው ዓመት ያልከውን ጉዞ አሁን ለሚመጣው ፋሲካ አድርገው። ኤምሪስ ዛሬም «ኢድዋል መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ በስምህ ይጠይቃል።

በሰላም ያገናኘን፤
እህትህ ቴግዌን