ከቻርጀሩ ሥር የተቀበረው

ሰኞ

ሰዎቹ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ፣ ቤት ውስጥ እኔ ብቻዬን ነኝ። እትዬ ሰብለ ለሥራ ሞምባሳ ሄደዋል፣ ሐሙስ ነው የሚመለሱት። ያቺ በኤሌትሪክ የምትሄደው አዲሷ መኪና ግቢ ቆማለች፣ እስካሁን ቻርጅ የሚያደርጓት ሱፐርማርኬቱ ጋ ተሰልፈው ነበር፣ አሁን እዚሁ ቤት ሊገጠምላት ነው። "ከሰዎቹ አትለዪ፣ ሻይ አፍዪላቸው" አሉኝ በስልክ።

ሁለት ናቸው፣ እዚህ ባለሙያን ፈንዲ ነው የሚሉት፣ ትልቁ ካማው ይባላል፣ ዳዳ ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው። የጋራዡን ግድግዳ ሲበሱት ጆሮዬ እስኪጮህ። ነጭ ሳጥን ሰቀሉ፣ ከቆጣሪው እንደ ጣቴ የወፈረ ሽቦ ሳቡ። እኔ ማብሪያ ማጥፊያውን ራሱ በጨርቅ ነው የምነካው፣ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ዘበኛችን ዋፉላ፣ ይቺ መኪና ከእኔ በላይ ትበላለች አለ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ ያየሁትን ለማን ልንገር። ከሳጥኑ ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ወገቤ ድረስ ይሆናል። ካማው ከመኪናቸው ጆንያ አወረደ፣ ከሰል ነው። ከሰሉን ደፋ። ቀጥሎ ጨው፣ ሙሉ ፓኬት፣ ደግሞ ሌላ ፓኬት። እንደ ትሪ የሰፋ መዳብ ከነሽቦው አስተኛበት። እንደገና ከሰል፣ እንደገና ጨው። ውሃ አፈሰሰበት፣ አፈር መለሰበት፣ በእግሩ ረገጠው። ሲረግጥ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እየዘፈነም ይሆናል፣ እኔ እንጃ።

ኤሌትሪክ ሊሠራ የመጣ ሰው ከሰልና ጨው ምን ያደርግለታል? በአጎቴ ደጃፍ ተቀብሮ የተገኘው መተት እንዲሁ ከሰል ነበር፣ አጎቴ ከዚያ በኋላ ካልጋው አልተነሳም። ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ሰው ነግሮኝ አይደለም። ካማውን ልጠይቀው ብል ስዋሂሊዬ የገበያ ነው፣ ደግሞም መተት ሠሪውን ራሱን እንዴት ይጠይቁታል።

ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ ሙሉ ጋ ደወልኩ። "አንቺ፣ ሳይሰነብት አውጪው፣ ለእትዬሽ እንዳትናገሪ፣ አንቺ ነሽ ያስቀበርሽው ይሉሻል" አለችኝ። እሷም ፈርታለች፣ ድምጿ ያስታውቃል።

ረቡዕ

አወጣሁት። ዋፉላ ምሳውን ሊገዛ ሲወጣ ጠብቄ፣ በአትክልቱ አካፋ። አፈሩ ገና ጭቃ ነው። የመዳቡ ብሎን እምቢ አለኝ፣ በፒንሳ ስታገል አውራ ጣቴ ተላጠ። ከሰሉንና ጨውን ቆሻሻ ጆንያ ውስጥ፣ መዳቡን በፌስታል ጠቅልዬ ከውሃ ታንከሩ ኋላ። ሽቦውን መልሼ ቀበርኩት፣ ጉድጓዱን ደለደልኩ፣ ጸበል ረጨሁበት። ማንም አላየኝም። ለእትዬ ደግ ሠራሁ ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ሐሙስ

እትዬ ገቡ፣ ሻንጣቸውን ሳያስገቡ ገመዱን መኪናዋ ላይ ሰኩት። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት። ነቀሉ ሰኩ፣ ቀይ። ካማው ተጠራ፣ በመሣሪያው ለካ፣ አካፋ ጠየቀ። ቆፈረ። መዳቡ የለም።

እዚህ መዳብ የሚገዙ ብረት ለቃሚዎች ሞልተዋል፣ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ወደ ዋፉላ ዞሩ። ኮፍያውን አወለቀ፣ "ማዳም፣ እኔ አይደለሁም" አለ፣ ሁለተኛ አልደገመውም። እትዬ ለጥበቃ ድርጅቱ ደወሉ፣ ጠዋት ውሰዱት ሌላ ላኩልኝ አሉ። ዋፉላ እኔ ሳልመጣ ጀምሮ እዚህ በር ላይ ነው። ስታመም መድኃኒት የገዛልኝ እሱ ነው።

እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። አልተናገርኩም። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም፣ ከዚህ ከወጣሁ የት እገባለሁ፣ ሙሉ ጋ ባንድ ክፍል አራት ናቸው። ደግሞ ካማው ለእትዬ ሲነግራቸው በዚያችው ስዋሂሊዬ ሰማሁ፣ ሳጥኑ ራሱ አውቆ ዘጋ እንጂ መኪናዋን የነካ ሰው ሊሞት ይችል ነበር አለ። ሊሞት። በኔ እጅ።



አርብ

አንድ ሰዓት ላይ የጥበቃ ድርጅቱ መኪና መጣ። ዋፉላ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ በር ላይ ቆሟል። በባዶ እግሬ ወጣሁ፣ ፌስታሉን እትዬ እግር ሥር አስቀመጥኩ፣ እኔ ነኝ፣ ከሰልና ጨው ሲቀብር አይቼ፣ መተት መስሎኝ፣ እሱ ምንም አያውቅም፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ።

"ጨረስሽ?" አሉኝ።

"ጨረስኩ እትዬ።"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"መተቱን ነው እኔን?"

"ሁለቱንም።"

 ከዚያ "የሰው እንጀራ ልትዘጊ ነበር እኮ" አሉ፣ ሳይጮሁ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ለጥበቃ ሰዎቹ በስዋሂሊ ነገሯቸው፣ ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ዋፉላ አልሳቀም። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

ካማው መጥቶ አስረዳኝ፣ እትዬ እያስተረጎሙ። ኤሌትሪኩ ቢያመልጥ ሰው ላይ እንዳይሄድ በመዳቡ ወደ መሬት ይገባል፣ በዚህ ፀሐይ አፈሩ ስለሚደርቅ ከሰሉና ጨው እርጥበት ይይዙለታል። ይኸው ነው። አዲሱን ከሰል እኔ ተሸከምኩ፣ ጨውንም እኔ በተንኩ። አረንጓዴ በራ።

ካማው ሲሄድ ጉድጓዱ በየሳምንቱ ውሃ ይፈልጋል አለ። እትዬ ወደኔ ዞረው "ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጀሪካን፣ ያንቺ ሥራ ነው፣ እንዳትረሺ" አሉና ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሉ። ትቆያለሽ ማለት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ለዋፉላ ሻይ ወሰድኩለት። ጠጣው፣ ኩባያውን ራሱ አጥቦ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ገና አላናገረኝም።

ጀሪካኑን ሞልቼ አስቀምጫለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው።