ከራስጌ የሚቆም ሰው

ደባርቅ፣ ጥቅምት

ለጥንቷ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? የጎንደር አየር ተስማማሽ ወይስ አሁንም ያ ጉንፋን በየወሩ ይጎበኝሻል? የእኔን ጤና ብትጠይቂ፣ ድሮ ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይባል ነበር። የሰው ሚስት ናፈቀችኝ ብሎ መጻፍ ግን ነውር ነው፤ ስለዚህ ደህና ነኝ ብዬ ልለፈው።

ወንድምሽ ቢራራ ገብስ ሊጭን መጥቶ መልእክትሽን ነገረኝ። ባለቤትሽን ስኳር ጀምሯቸው ሐኪሙ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ፊት ላብ ላብ ማለት ያሳፍረኛል ብለው ቤት ውስጥ ለመሥራት አስበዋል። ገንዘቡ ብዙ አይደለምና ምን ምን ይገዛ ብለሽ እኔን አስጠየቅሽ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ዝምታ በኋላ የመጣው ጥያቄ ይህ በመሆኑ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቢራራ ከሄደ በኋላ ግን ሳቁ አልቆየም። ቢሆንም በዚህ ነገር ከእኔ የተሻለ የምትጠይቂው ሰው እንደሌለ አውቀሽ ነውና፣ በደንብ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ የሚሮጡበትን ማሽን እርሺው። መብራት የጠፋ ቀን ልብስ ማስጫ ነው የሚሆነው። ጎንደር ዳገት በነፃ የሞላበት ከተማ ነው፤ እሱን ጠዋት ጠዋት ይውጡት። መዝለያ ገመድም ከሱቅ አትግዢ። በቅሎ የሚታሰርበትን ናይሎን ከገበያ አስለክተሽ ጫፍና ጫፉን ቋጥሪው። እኔ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ካምፕ ፓርኩን ስጠብቅ የምዘለው በእሱ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣራቸውን ትተው ያዩኛል። እነዚያን የሚያብረቀርቁ ክብደቶች አትመኚ፤ ላያቸው ፕላስቲክ፣ ሆዳቸው ሲሚንቶ ነው፤ አንዴ ከወደቁ ይሰነጠቃሉ። ጀሪካን ይበቃል። እስከ ግማሹ አሸዋ አድርጊበት፤ ሲበረቱ ትጨምሪላቸዋለሽ፣ ሲደክሙ ትቀንሺላቸዋለሽ። የሱቅ ብረት እንዲህ አያዝንም። በር ላይ የሚንጠለጠሉበት ብረት ካማራቸው ደግሞ ግድግዳችሁ ብሎኬት መሆኑን አስቀድመሽ እዪ። እኔ በጭቃ ቤቴ ሞክሬው ከነመቃኑ ወርጃለሁ። አከራዬ እማሆይ አመተ ማርያም ቤቱ ፈረሰ ብለው ደንግጠው መጡና፣ አቧራ ውስጥ ተቀምጬ ሲያገኙኝ «ወደ ሰማይ መውጫው በዚህ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ።

እማሆይን አታውቂያቸውም። ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከእኔ በር ሌላ መሄጃ የሌላቸው ሴት ናቸው። ብረት መግፋቴን ንስሐ አባቴ የሰጠኝ ቀኖና ነው ብለው ይዘውታል። አንድ ቀን «ከፍ አድርገህ መልሰህ እዚያው ካኖርኸው፣ ምኑን ሠራኸው ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። እንደገና ብገፋው ቀኖና መሆኑ ተረጋገጠላቸው። እኔም አላረምኋቸውም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው በጎ የሚያስብለት ሲያገኝ አይከራከርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ አግዳሚ ወንበሩ። ታስታውሺዋለሽ፣ የዳባቱ አናጢ ከጽድ የሠራው፣ እናንተ ግቢ ከጓሮ የነበረው። እኔና ቢራራ በጀርባችን እየተኛን፣ ከአሮጌ መኪና የወጣውን ዘንግ በየተራ እንገፋበት ነበር። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከራስጌው ይቆማል፤ ብረት ደረት ላይ ከቀረ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋልና። ቢራራ መንገድ ሲወጣ ከራስጌዬ የምትቆሚው አንቺ ነበርሽ። ሁለት ጣትሽን ከዘንጉ ሥር አስገብተሽ «አለሁ» ትይኛለሽ። ጉልበትሽ ባዶውን ዘንግ እንኳ እንደማያነሣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ብረቱ ግን ይነሣ ነበር። አባትሽ ሽማግሌዎቼን «ልጄን ለጭላዳ ጠባቂ አልድርም» ብለው የመለሱ ጊዜ፣ ቢራራ አዘነልኝና አግዳሚውን ሰጠኝ። ልጅቱን ብከለከል ወንበሩ ደረሰኝ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከጨነቅ ወርጄ፣ ጉሙና ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ብረቱን ጫንሁ። ለብቻ ሰው ከሚገባው በላይ ጭኜ ነበር። ወረደ፣ ደረቴ ላይ ተቀመጠ፣ አልነሣም አለ። «እመቤቴ ድረሽልኝ!» ብዬ ጮኽሁ። እማሆይ ደጃፌ ላይ ደርሰው ሰሙኝ፤ ሰምተውም «አሜን፣ ትድረስልህ» አሉ። ጣሬን ጸሎት መስሏቸው፣ እንዳያቋርጡኝ ብለው ከውጭ ቆመው አብረውኝ ጸለዩ። ሳቄ መጣ፤ የምስቅበት ትንፋሽ ግን አልነበረኝም። ዓይኔን ወደ ላይ ሳነሣ ከራስጌዬ ያለው ግድግዳ ብቻ ነበር። ሰው ብቻውን መሆኑን ያን ያህል የሚያውቅበት ቦታ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ አለቀስሁ። በመጨረሻ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ጫፉ ላይ የሰካሁት ሲሚንቶ የሞላው ቆርቆሮ ተንሸራትቶ ወደቀና ወጣሁ።

በማግስቱ እማሆይ ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። «ጸሎትህ ደረሰ?» አሉኝ። ደረሰ አልኋቸው። ቆሎውን በእጄ እየሰፈሩ፣ «ከእመቤታችን ቀጥለህ ደጋግመህ የጠራሃት ሰማዕት ግን ማን ናት? ስንክሳር የሚያነቡትን ቄስ ብጠይቃቸው አላውቃትም አሉኝ» አሉ። ጎንደር ውስጥ አለች ብዬ ቆሎውን መቆርጠም ጀመርሁ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም።

እና አግዳሚውን ዛሬ በቢራራ አይሱዙ ከገብሱ ላይ አስጭኜልሻለሁ። ዘንጉም አብሮ አለ። ብቻውን ለሚኖር ሰው የሚሆን ዕቃ አይደለም፤ ለእኔ ጀሪካኖቹ ይበቁኛል። ከማን እንደመጣ ለባለቤትሽ አትንገሪያቸው። ቢራራ በርካሽ አገኘው በያቸው፤ ውሸትም አይደለም። በባዶው ዘንግ ይጀምሩ፤ በሩም አይቆለፍ። አንቺ ከራስጌያቸው ቁሚ። ማንሣት አይጠበቅብሽም፤ ሁለት ጣትሽ ይበቃል። ድምፅሽንም አሰሚያቸው፤ ሰው ሲገፋ ድምፅ ይረዳዋል። ብቻ ከቻልሽ «አለሁ» አትበያቸው። ሌላ ቃል ፈልጊላቸው።

እግዚአብሔር ባለቤትሽን ይማርልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ጉንፋኑንም ከደጅሽ ይመልሰው። እኔ ነገ ወደ ጨነቅ እወጣለሁ። በወጣሁ ቁጥር እማሆይ እስከ በር ሸኝተውኝ፣ «ያቺ ሰማዕትህ ትከተልህ» ይሉኛል።

አሜን እላቸዋለሁ።

የደባርቁ ወዳጅሽ