የአባትሽን እጅ የያዘው ማን ነበር

ልጄ፣ ባለሽበት ጤናሽ ይብዛ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

በየሳምንቱ በኢሜይል ለሰው የምትልኪውን ጽሑፍ እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ያስመዘገበችኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። አዲሱ ብቻ የሚገኝ መስሎኝ ነበር። «ኧረ እትዬ፣ የድሮውም ማህደሩ ውስጥ አለ፤ መፈለጊያው ላይ ቃል ይጻፉ» አለችኝ። በአንድ ጣቴ «አባቴ» ብዬ ጻፍኩ።

አባትሽ የሞተ ሰሞን የጻፍሽው ወጣ። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ሆነሽ እስከ መጨረሻው እጁን ይዘሽ እንደነበር ጽፈሻል። ከሥሩ ስንቱ አንባቢ አልቅሶልሻል! አንቺ እኮ ሥራ አልለቀኝም ብለሽ ለቀብሩም አልመጣሽም። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ በር በሩን እያየ «መጣች?» ይለኛል፤ እኔ «መንገድ ላይ ናት» እለዋለሁ። እኔም ዋሽቻለሁ፤ የኔ ውሸት ግን ለአንድ ሰው ነበር።

ፈጣሪ ሥራሽን ይባርክልሽ፤ የሚለቅሽም ያድርገው። የቆየውንም ጽሑፍ ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል አሉኝ። አጥፊው አላልኩሽም። እጁን ብቻ መልሺልኝ።

እናትሽ